ጉልበት ሳለ ለእርጅና መዘጋጀት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርጅና ነው። እርጅና በሽታ አይደለም፤ ቁጣም አይደለም። ዕድሜ የሰጠው ሰው ሁሉ የሚደርስበት ነው። እኛ ገበሬዎች ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ከብት ስንመክር እንውላለን። ስለ እርጅናችን ስንመክር ግን አንታይም። ለምን ይሆን? አንዳንዱ ሰው ስለ እርጅና ማውራት ሞትን መጥራት ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ «ልጆች አሉኝ፤ እነሱ ይጦሩኛል» ብሎ ነገሩን ይተወዋል።

ልጅ ወላጁን መጦሩ ተገቢ ነው። በሕግም ቢሆን ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመርዳት ግዴታ አለበት። ይህን የምንቃወም አይደለንም። ግን እስቲ አካባቢያችንን እንመልከት። የአሶሳ፣ የባምባሲ፣ የመንጌ ወጣት ዛሬ የት ነው ያለው? አንዱ ወርቅ ለማውጣት ወንዝ ወርዷል። አንዱ ለትምህርት ከተማ ገብቶ እዚያው ሥራ ይዟል። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ በጉባ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ድረስ ስንቱን ወጣት ስቧል! ልጁ የሄደው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እንጀራ ፍለጋ ነው። ቢሆንም አባትየው ማታ ውሃ ሲጠማው ልጁ አጠገቡ የለም።

ሌላም አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት፣ ይልቁንም በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ከወሎ ተነሥቶ አሶሳ አካባቢ ሰፍሯል። ያኔ የ25 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው። ወንድሙ፣ አክስቱ፣ የአጎቱ ልጅ ሁሉ እዚያው ወሎ ቀርተዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዘመድ ማለት ጎረቤት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል፤ በየወሩም የጡረታ ገንዘብ ይቀበላል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም የጡረታ ሕግ ወጥቶለታል። ገበሬ ግን የጡረታ ደብተር የለውም። የእሱ ጡረታ ቤቱ፣ ጓሮው፣ መሬቱና ጎረቤቱ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ጉልበት ሳለ ካልተሠሩ በኋላ አይሠሩም። የ45 ወይም የ50 ዓመት ሰው «ገና ነኝ» ይላል። እኛ ደግሞ «ጊዜው አሁን ነው» እንላለን።

ራስን ችሎ መኖር ስንል ብቻን መኖር ማለታችን አይደለም። በራስ ቤት፣ በራስ እሳት ዳር መቀመጥ ነው። ሲርብ ማንንም ሳይለምኑ መቅመስ ነው። ማንም ሳይሸከም ደጅ ወጥቶ መመለስ ነው። እንግዳ ሲመጣም የሚቀርብ ነገር አለማጣት ነው።

እንግዲህ ከቤት እንጀምር። በእኛ አገር የቤት ጠላቱ ምስጥ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ምስጥ ምሰሶውን ከሥሩ ይበላል፤ ማገሩን ይበላል፤ ወጥቶም የሣር ክዳኑን ይበላል። ጎልማሳ ሰው ምን ቸገረው? ቤቱ ሲዘም ሌላ ምሰሶ ቆርጦ ይተክላል። ሣሩ ሲያረጅ አጭዶ፣ ጣራ ላይ ወጥቶ ይከድናል። የ75 ዓመት ሽማግሌ ግን ጣራ ላይ ይውጣ? ስለዚህ ለእርጅና የሚሠራ ቤት አሁን ካለው ቤታችን የበለጠ ጠንካራ መሆን አለበት።

የእኛ አገር ቀርከሃ የደጋው ዓይነት አይደለም። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የእኛ የቆላው ግን ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለቤት ይጠነክራል። ሆኖም ለጋውን ቆርጦ ቤት የሚሠራ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ለጋው ገና ሽፋኑን አልጣለም፤ እሱ ለሰፌድና ለቅርጫት ይሁን። ለቤት የሚሆነው ሦስት ዓመት ያለፈው ነው። የሚቆረጠውም በበጋ ነው። በዝናብ ወራት የተቆረጠ ቀርከሃ ውስጡ ውሃና ጣፋጭ ነገር ስለሚበዛበት ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል። ከተቆረጠ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ያ ጣፋጭ ነገር ይታጠብለታል። ከዚያም ጥላ ሥር ቆሞ ይድረቅ።

ምሰሶውን እንዲሁ አፈር ውስጥ መቅበር ምስጡን ምሳ መጋበዝ ነው። አቅም ያለው በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ላይ ያቁመው። አቅም የሌለውም ቢሆን ከሥሩ ድንጋይ ያንጥፍ፤ የሚቀበረውን ክፍል የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባው። (ከልጆችና ከውሃ ጉድጓድ ግን ይራቅ፤ መርዝ ነው።) በቤቱ ዙሪያ ያለውን ሣርና ጉቶ ማጽዳት ይገባል። ኩይሳውን አናቱን ብቻ አፍርሶ መተው አይጠቅምም። ንግሥቲቱ ከሥር ተቀምጣ ትፈለፍላለች፤ እሷ እስክትገኝ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ይህ የጎልማሳ ሥራ ነው። ለዚህም ነው አሁን እንሥራው የምንለው።

ጣራው ቆርቆሮ ቢሆን መልካም ነው። ቆርቆሮ በበጋ ቤቱን ያሞቃል፤ እሱ እውነት ነው። ግን በየጥቂት ዓመቱ ክደኑኝ አይልም። ደግሞም ውሃ ይሰጣል። እስቲ እናስላ። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ቤት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ቢዘንብ ስንት ሊትር ይሆናል? 200 ሊትር። ጥቂቱ ቢፈስ እንኳ የቀረው ስምንት ወይም ዘጠኝ ትልልቅ ጀሪካን ይሞላል። በእኛ አገር ደግሞ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አይጠፋም። ከጣራው ጠርዝ አሸንዳ አስገብቶ በርሜል ያስቀመጠ ሽማግሌ ለብዙ ወራት ምንጭ አይወርድም። አንድ ነገር እናስታውስ። 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ለአሮጊት ይህ ሸክም ወገብ ይሰብራል። ከወዲሁ አምስት ሊትር የሚይዙ ትንንሽ ጀሪካኖች ማስቀመጥ ይሻላል። በርሜሉ ይከደን፤ አለዚያ የወባ ትንኝ ትራባበታለች።

ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ። ሽማግሌን የሚጥለው ዳገት አይደለም፤ የገዛ ቤቱ ነው። ማታ በጨለማ ሲነሣ በሩ ሥር ያለው ግንድ ያደናቅፈዋል። ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ በሰው እጅ ነው። ስለዚህ የበሩ ግንድ ይነሣ ወይም ዝቅ ይበል። መሬቱ ይደልደል። መስኮት ይከፈት፤ ብርሃን ይግባ፤ ጭሱም ይውጣ። መኝታው መሬት ላይ አይሁን። በጣም ዝቅ ካለ መኝታ መነሣት ለጉልበት ከባድ ነው። ሰው ሲቀመጥበት እግሩ መሬት የሚነካ፣ ጉልበቱም በልክ የሚታጠፍ አልጋ ወይም መደብ ይሁን።

ሽንት ቤቱስ? ብዙ ሰው ሲቆፍር ሩቅ ይቆፍራል። ጎልማሳ ሆኖ 50 እርምጃ ምንም አይደለም። ሲያረጅ ግን፣ በተለይ በክረምት ጭቃ፣ ያ መንገድ ረጅም ነው። አዲስ የሚቆፈር ከሆነ ሽታውና ዝንቡ ቤት የማይገባበት፣ ከውሃ ጉድጓድም የራቀ፣ ግን በክረምት ሊደረስበት የሚችል ቦታ ይመረጥ። በቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ጠንካራ ቀርከሃ ይተከል። ይህን ስንል የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። ቁጢጥ ብሎ መነሣት ያቃተው ሰው ሁለቱን ቀርከሃ ይዞ ሲነሣ አይስቅም። ከቤቱ በር እስከ ሽንት ቤቱም ቀርከሃ አግድሞ ማሠር ይቻላል። ዓይኑ የደከመ ሰው ያንን እየዳሰሰ ብቻውን ሄዶ ይመለሳል። ሰው በዚህ ጉዳይ የሌላ ሰው እጅ አለመጠበቁ ትልቅ ክብር ነው።

አሁን ጓሮውን እንይ። አሶሳ የማንጎ አገር ነው። ጎልማሳው ትልቁ ማንጎ ላይ ወጥቶ ያወርዳል፤ ሽማግሌው ከሥር ቆሞ ልጅ ይጠብቃል። ለእርጅና የሚተከለው ግን አጭሩ ማንጎ ነው። ከፍሬው የበቀለ ማንጎ ብዙ ዓመት ቆይቶ ያፈራል፤ ቁመቱም ይረዝማል። የተዳቀለው ችግኝ ግን በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል፤ ቁመቱም ያነሰ ነው። እሱንም ቢሆን በየዓመቱ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ መግረዝ ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. ግድም በምሥራቅ ወለጋ በኩል ነጭ የማንጎ ተባይ መጀመሪያ ታየ፤ ከዚያም ወደ እኛ ዘለቀ። ቅጠሉን ነጭ ነጭ እያደረገ፣ ፍሬውንም እያበላሸ ዛፉን ያደክማል። ቅርንጫፉ የተጠቀጠቀ ረጅም ዛፍ ለተባዩ ይመቸዋል። የተገረዘ አጭር ዛፍ ግን ንፋስና ፀሐይ ያገኛል፤ በእጅ ይለቀማል፤ ተባዩንም ለማየት ይቀላል።

ባሚያውና ዱባው ሩቅ ማሳ ላይ ብቻ አይሁኑ። ከደጃፉ በአሥር እርምጃ ውስጥ ይኑሩ። ለገንፎው የሚሆን ባሚያ በደጅ ያላት አሮጊት የወጥ ችግር አይገጥማትም፤ በክረምት የተረፈውን ቆራርጣ ታደርቃለች። ንብ የሚያረባም ያስብበት። የቀርከሃ ቀፎ ዛፍ ላይ መስቀል ለወጣት ነው። የሽግግር ቀፎ ወይም ዘመናዊ ቀፎ ግን በወገብ ልክ በቆመ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌ ቆሞ ይሠራበታል። የመቀመጫው እግር ላይ ጉንዳን እንዳይወጣ አመድ ይነስነስ።

ፍየልና ዶሮ ያለው ሰው ጥሬ ገንዘብ አለው ማለት ነው። ግን ማን ይጠብቃል? ለርቢ መስጠት የታወቀ ነው። ለማን ስንት እንደ ተሰጠ፣ ግልገሉ እንዴት እንደሚካፈል በደብተር ይጻፍ። ቃል ይረሳል።

ከሁሉ የሚከብደው የመሬት ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በእኛ አገር ብዙ ቦታ ገንዲ የሚያመጣው ቆላ ዝንብ ስላለ በሬ አይበረክትም። እርሻው በዶማ ነው። ዶማ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው ሲደክም «መሬቱን ለልጆቼ ላካፍልና ልረፍ» ይላል።

እንበል አንድ አባት ሦስት ልጆች አሉት። ያለውን መሬት ሁሉ ለሦስቱ አካፈለ። ጓሮውንም ለታናሹ ሰጠ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱም እህል አመጡለት። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ዝናብ ከለከለኝ አለ። በሦስተኛው ዓመት ታናሹ አገባ፤ አባትየውም በገዛ ግቢው እንግዳ ሆነ። ማንም አልሰደበውም፤ ማንም አልገፋውም። ብቻ የሚጠየቅ ሰው መሆኑ ቀረ። ፍየል ሲሸጥ አይጠየቅም። ዛፍ ሲቆረጥ አይጠየቅም።

ወጣቱም መሬት ያስፈልገዋል፤ አባቱ እስኪሞት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ አንልም። ከፊሉን መስጠት መልካም ነው። የቀረውንና ጓሮውን ግን በሕይወት እያሉ አለመልቀቅ ይሻላል። መሬት አይሸጥም፤ ሕጉ ይከለክላል። ማከራየትና ለእኩል ማሳረስ ግን ይቻላል። የሚያርሰው የገዛ ልጅ ቢሆንም ውሉ ይጻፍ፤ ምስክር ይፈርምበት፤ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። «ከልጄ ጋር ምን ውል ያስፈልገኛል?» የሚል ይኖራል። ውል ጠላት ለመፍጠር አይደለም። ልጁ ራሱ ነገ ከሚስቱ ወይም ከወንድሙ ጋር ሲነጋገር ነገሩ የተጻፈ መሆኑ ይረዳዋል።

የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡ። አሁን ማንበብ ችላችኋልና ሌላ ሰው አያንብብላችሁ። የባልም የሚስትም ስም አለበት? ፎቶውስ? የሚስት ስም ካልተጻፈ አሁን ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ይስተካከል። ባል ሲሞት ከባል ወንድሞች ጋር ክርክር የሚገጥማት ሚስት ናት።

ማንበብና መጻፍ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ኑዛዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በገዛ እጁ ጽሕፈት ኑዛዜ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ራሱ መጻፍ አለበት። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። ቀን ይጻፍበት፤ በየገጹም ይፈረም። ማንበብ የማያውቅ ሰው ትርጉሙ ሳይገባው ፊደሉን እያየ ቢገለብጥ ግን ሕጉ አይቀበለውም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜም አለ። እሱ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብና ተናዛዡም ምስክሮቹም እዚያው ይፈርማሉ። የገጠር መሬት ውርስ በክልሉ የመሬት ሕግ ስለሚመራ መሬትን በሚመለከት አስቀድሞ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ይገባል። በሸሪዓ የሚዳኝ ደግሞ ቃዲውን ይጠይቅ።

ታዲያ ወረቀቱ የት ይቀመጥ? ምስጥ ወረቀትም ይበላል። ሣጥን ውስጥ መሬት ላይ ያስቀመጠ ሰው አንድ ቀን ሲከፍተው አፈር ያገኛል። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ቅጂውም ሌላ ቤት ይኑር። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ በኩል ሰው በግጭት ሲፈናቀል ብዙው ከለበሰው ልብስ በቀር ምንም ሳይዝ ነው የወጣው። ቅጂው ዘመድ ቤት ያለ ሰው ሲመለስ የሚያሳየው አያጣም።

ስለ ጎረቤትም እንናገር። በወንፈል አንዱ ለሌላው ይሠራል፤ ሌላውም ተራውን ይመልሳል። ሽማግሌ ግን ጉልበት ይዞ መመለስ አይችልም። በዚህ ምክንያት ከወንፈሉ ሲወጣ እናያለን። ይህ ልክ አይመስለንም። ሽማግሌ የሚመልሰው ሌላ ነገር አለው። ሌሎቹ ማሳ ሲውሉ ልጆች ይጠብቃል። ቅርጫት ይሠራል። ዘር ይመርጣል፤ የትኛው ማሽላ በየትኛው መሬት እንደሚሆን ያውቃል። ይህም እንደ ሥራ ይቆጠር ብለን በወንፈሉ ስብሰባ ላይ እናንሣ። እድራችንም እንዲሁ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ያለቅሳል፤ ይቀብራል። ደግ ነው። ግን ያ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ጣራው ሲያፈስ የትኛው እድርተኛ ሣር ይዞ መጣ? በዓመት አንድ ቀን ለአረጋውያን ቤት ጥገና ቢመደብ እድሩ ምን ይጎድልበታል?

አዲስ አበባ ውስጥ አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የተባለ ማዕከል አለ። ጎዳና ላይ የወደቁ ረዳት የሌላቸውን አረጋውያን እያነሣ ያኖራል። የተመሰገነ ሥራ ነው። ግን ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ እዚያ የሚያስገባ ችግር ላይ ሳይደርሱ በመንደራቸው የሚኖሩበትን ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው።

ዓይንን አንርሳ። ዓይኑ የጠፋ ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» ይባልና ይተዋል። የዓይን ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ዓይኑም ይከፈታል። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስመርመር ነው። በፈጣን ወንዝ ዳር የምትነድፈው ጥቁር ዝንብም ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ታመጣለች። ለዚህ በሽታ ሜክቲዛን የተባለው ኪኒን በየመንደሩ በነፃ ሲታደል «አላመመኝም» ብሎ የሚቀር አለ። ኪኒኑ የሚሰጠው ዓይን ከጠፋ በኋላ ለማብራት ሳይሆን እንዳይጠፋ ለመጠበቅ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ወደ ሌላው የተዳረሰ ነው። የሚከፈለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ሰሊጡ ወይም ለውዙ ሲሸጥ፣ ገንዘቡ ሳይበተን መክፈል ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይሠራም። ማንም በአንድ ዓመት ይሥራው አላለም። በዚህ በጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ የጎለመሰው ቀርከሃ ተቆርጦ ይዘፍዘፍ። በየካቲትና በመጋቢት የቤቱ ምሰሶ ይታይ፤ ኩይሳው ይቆፈር። የማንጎው ጉድጓድ በሚያዝያ ይቆፈር፤ አፈሩ ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይቆይ። ዝናቡ በደንብ ሲይዝ፣ በሰኔ፣ ሁለት የተዳቀሉ ችግኞች ይተከሉ፤ አንዱ ከበሩ በስተቀኝ፣ አንዱ በስተግራ፤ ከጣራው ትንሽ ራቅ ብለው፣ ከአልጋው ግን በመስኮት እንዲታዩ።